መከታ ዝም ያለ ዕለት

መከታ የወደቀው በጎቹ ገና ከጉረኖ ሳይወጡ ነው። አይናዲስ መዝጊያውን እያነሳች ነበር። ሁልጊዜ ከእግሯ ሥር ቆሞ በጎቹን አንድ በአንድ እያሸተተ የሚያሳልፈው ውሻ ያን ጠዋት ባዶውን አየር ትክ ብሎ አየና እንደተመታ ሁሉ በጎኑ ዘፍ አለ። አራት እግሩ ተገተረ። መንጋጋው ገጭ ገጭ ይል ጀመር፤ ከአፉ ዳር ነጭ አረፋ ወረደ፤ በተኛበት የሚሮጥ ይመስል በጥፍሮቹ አፈሩን ቧጠጠው።

አይናዲስ መጀመሪያ ያየችው ውሻውን ሳይሆን አጥሩን ነው። በአጥሩ ማዶ ሰው አለመኖሩን አረጋግጣ ጋቢዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና በመከታ ላይ ጣለችበት። ከጎኑ ተንበርክካ፣ "ጊዮርጊስ፣ አደራህን፣ ሰው እንዳታመጣብኝ" አለች።

"ያ ጋቢ ለውሻ መገነዣ ነው እንዴ የተሸመነው?"

ድምፁ የመጣው ከቤቱ ደጃፍ ነው። አማቷ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው ደክሟል ይባላል እንጂ ሊያዩ የፈለጉትን ነገር ሳያዩ የቀሩበት ቀን የለም።

"ዝም ይበሉ እመይቴ፣ በፈጠረዎት!"

"እኔ ዝም ብል አረፋው ዝም ይላል?"

"ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። ከምን የሚበልጥ ውሻ ነው እንዲህ የምትሆኝለት!"

ብዙ ሳይቆይ መከታ ተንፈራፍሮ ተወው። ሲነሳ ግን አይናዲስን አላወቃትም። እንደ ዕውር ከጉረኖው ግንብ ጋር ተጋጨ፤ ዞሮ ደግሞ ተጋጨ። ከዚያ ቀስ በቀስ ዓይኑ ተመለሰ፤ መጥቶ ራሱን ከጉልበቷ ላይ ጣለ። አይናዲስ በቀሚሷ ጫፍ አረፋውን ከአፉ ጠረገችለት።

የምትፈራው ነገር ነበራት። ባለፈው ክረምት አንድ እብድ ውሻ የጎረቤቷን የአያ እንዳላማውን የመጨረሻ ልጅ ነክሶት ነበር። ቁስሉ ድኖ፣ ልጁ መሮጥና መጫወት ከጀመረ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ውኃ በቀረበለት ቁጥር ጉሮሮው እየተዘጋ፣ እየጮኸ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ፣ አረፋ የደፈቀ ውሻ ከተገኘ ሳያድር እንዲገደል ተስማማ። አይናዲስም በሴቶቹ በኩል ቆማ "ይሁን" ብላለች። ያን ጊዜ "ይሁን" ያላለ አልነበረም።

ያም ሆኖ መከታን አሳልፋ መስጠት አትችልም። ምክንያቱን የሚያውቁት እሷና አማቷ፣ ሦስተኛም ባሏ ደምለው ብቻ ነበሩ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን አልፏል። ደምለው ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባው ባላገሩ መሣሪያህን አስረክብ የተባለ ሰሞን ነው። አልፎ አልፎ ስንቅ ሊወስድና እናቱን ሊያይ ከብት በሚገባበት ሰዓት ይመጣል፤ ከመግባቱ በፊት ግን ከወንዙ ማዶ ካለው የወይራ ጥሻ ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጣል። መከታ ያለ ነገር የሚጮኽ ውሻ አይደለም። የጫካ ሰው ሲመጣ ጭራውን ይወዘውዛል እንጂ ድምፅ አያሰማም፤ ጫማ ያደረገ ባንዳ ከመጣ ግን አገር ይሰማዋል። ስለዚህ ደምለው መከታ ከጮኸ መንገዱን ይቀይራል፤ ዝም ካለ ይገባል። ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ ይህንንም ያስለመደው ራሱ ነው። ሌላ ውሻ ቢመጣ በባሏም በጠላቷም እኩል ይጮኻል፤ ወይም በሁለቱም ዝም ይላል። መከታ ከሞተ ደምለው ወደ ቤቱ የሚመጣበት መንገድ አብሮ ይሞታል።

መከታ በዚያው ወር ውስጥ ደጋግሞ ወደቀ። አንዴ በጎቹ መካከል፣ አንዴ ውኃ መቅጃው ዘንድ። አይናዲስ ጋቢዋን ሳትለብስ ከቤት መውጣት ተወች። ፈትል ስትፈትል ጆሮዋ ውጭ ነው፤ ስትጸልይ ጆሮዋ ውጭ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆማ እንኳ፣ አሁን ወድቆ ይሆን፣ አሁን አይተውት ይሆን እያለች ወንጌሉ መቼ እንደተነበበ ሳታውቀው ያልፋል። ጠበል እንዳታጠጣው ውሻ ነው። ለውሻ ስለት ይገባ እንደሆነ ለመጠየቅ ደግሞ አፈረች። ሆኖም በልቧ ጊዮርጊስን መለመኗን አልተወችም፤ ለእሱ ማፈር እንደማያስፈልጋት ታምን ነበር።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ስትወጣ የበግ ጠጉር ፈትሏን የምትረከባት ቀድሪያ የምትባል ነጋዴ ነች። ሱቋ ከገበያው ዳር ነው፤ ባሏ ጀማለዲን ለጣሊያን ምሽግ በቅሎዎች ገብስ ያስገባል። ሁለቱ ሴቶች ከልጃገረድነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ምግብ አታቀርብም፣ እንዲያ እየተጠባበቁ ኖረዋል።

"ከሳሽ" አለች ቀድሪያ ፈትሉን በእጇ እየመዘነች። "ፈትልሽም ቀጥኗል። ምን ሆነሻል?"

አይናዲስ ወደ በሩ አየች። "እኛ ቤት አንድ... የሚጥለው አለ።"

ቀድሪያ ፈትሉን አስቀመጠች። "አረፋ ይደፍቃል?"

"ይደፍቃል።"

"ሲነሳ ሰው ይለያል?"

"መጀመሪያ አይለይም። ቆይቶ ይለያል።"

"የወንድሜ የአብዱረዛቅ በሽታ ነው። ወላሂ የእሱው ነው!" ቀድሪያ ቀረብ አለች። "አብዱረዛቅን ስንት ዓመት ነው ያየነው? እሳት ውስጥ ወድቆ እጁ ተቃጥሎ የለም? አሁን ግን ይኸው ከዓረፋ ወዲህ አልወደቀም። የበቅሎዎቹ ሐኪም፣ ጣሊያኑ፣ ነጭ ኪኒን ለጀማለዲን ሰጠው። እሱን ይውጣል። ለመሆኑ የታመመው ሰው ትልቅ ነው ትንሽ?"

"መካከለኛ ነው።"

"ዕድሜውስ?"

"አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።"

"አይ፣ ሕፃን ነዋ! ምስኪን። ክብደቱስ? ኪኒኑ በክብደት ነው የሚሰጠው አሉ።"

አይናዲስ አሰበች። "እንደ አንድ ወጠጤ ይሆናል።"

"አምስት ዓመት ሆኖት እንደ ወጠጤ! የማን ልጅ ነው?"

አይናዲስ ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለችም፤ ፊቷ ቀላ። "ቀድሪያ፣ እህቴ፣ አትሳቂብኝ። ውሻ ነው።"

ቀድሪያ ለመሳቅ ጊዜ ወሰደባት። መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየቻት፤ ከዚያ ሻሿን በአፏ ላይ ይዛ ከጆንያው ላይ ተደፋች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል ግን አይናዲስ እያለቀሰች እንደሆነ አየች፤ ሳቋም ጠፋ።

"ስለ ውሻ ብቻ አይደለም እንግዲህ" አለች ዝግ ብላ።

"ስለ ውሻ ብቻ አይደለም።"

ቀድሪያ ሌላ አልጠየቀችም። በዚያ ዘመን ጎረቤት ከጎረቤት የማይጠያየቀው ነገር ብዙ ነበር። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች። "ሐኪሙ አንድ የአደን ውሻ አለው፤ ልክ እንዳልሽው የሚጥለው። ጀማለዲን በዓይኑ እንዳየው፣ ሐኪሙ ይህንኑ ኪኒን በሥጋ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። ለዛሬ ከወንድሜ ላይ ቀንሼ ልስጥሽ። ለሚቀጥለው ገበያ ጀማለዲን ይለምንልሻል።"

"ከታመመ ሰው አፍ ነጥቄ?"

"አላህ ይተካል። አሁን ስሚኝ። ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ። መጀመሪያ ይተኛል፤ ሲሄድ ይንገዳገዳል፤ አትደንግጪ። ይርበዋል፣ ውኃ ይጠማዋል፤ አትከልክይው። ሲወድቅ እጅሽን አፉ ውስጥ እንዳትከቺ፣ የሚጎዳውን ነገር ብቻ ከአጠገቡ አርቂለት። ደግሞ እንዳታቋርጪ። ገባሽ? እንዳታቋርጪ።"

"ገባኝ" አለች አይናዲስ። ቃሉን ግን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው፤ ምክንያቱም ልቧ ያን ጊዜ ጨርቁን ከጡቷ ሥር እንዴት አድርጋ የምሽጉን ፍተሻ እንደምታልፍ ብቻ ነበር የሚያስበው። በላዩ ላይ ሁለት ራስ ሽንኩርት ጨምራ አለፈች። ፈታሹ ሽንኩርቱን አሽትቶ መለሰላት።

ቤት ስትደርስ አማቷ ኪኒኑን በመዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። "ይቺ ናት? የጤፍ ታናሽ! እኛ ኮሶ በዋንጫ ጠጥተን ነው የዳንነው።"

"ቀስ እመይቴ፣ ይወድቃል።"

"የጣሊያን መድኃኒት ለደምለው ውሻ! ጣሊያኑ ቢያውቅ እሱንም ይጥለው ነበር።" ያን ካሉ በኋላ ግን ከራሳቸው ቂጣ ቁራሽ ቆርሰው ኪኒኑን መሀሉ ላይ ደበቁና ለመከታ ወረወሩለት። "ብላ። ደግሞ ለማንም እንዳትናገር።"

እኚህ ሴትዮ አፋቸው እንዲህ ነው። የመንደሩን ሰው ሁሉ ድምፅ መኮረጅ ይችሉበታል፤ የቄሱን ማስነጠስ፣ የአያ እንዳላማውን ጉሮሮ መጥረግ፣ የጅብ ጩኸት፣ የመከታን ሳይቀር። መከታ ሦስት ጊዜ ጮኾ ያጉረመርማል፤ እሳቸውም ሦስት ጊዜ ጮኸው ሲያጉረመርሙ ውሻው ራሱን ዘንበል አድርጎ ያያቸዋል።

ቀድሪያ እንዳለችው ሆነ። መከታ ተኛ። ሲነሳ የኋላ እግሮቹ እየተጠላለፉ እንደ ሰካራም ሄደ። መውደቁ ቀረ፤ ግን መንገዳገዱን ያዩ እረኞች ወሬውን መንደር አደረሱት። በማግስቱ ረፋድ ላይ አያ እንዳላማው ዱላቸውን ይዘው፣ የነፍስ አባቷ ቄስ አወቀ ተከትለዋቸው፣ ከአጥሩ በር ቆሙ።

"አይናዲስ!"

"አቤት አያ እንዳላማው። ይግቡ።"

"አልገባም። ውሻሽን አውጪው።"

"ምን አደረገ?"

"ይንገዳገዳል። አረፋ ደፍቋል የሚልም አለ። አንቺም ዋርካው ሥር ነበርሽ፤ ይሁን ብለሻል።" ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያልዳነ ሰው ድምፅ ነበር። "ልጄን የቀበርኩት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ልጅ አላስቀብርም።"

አይናዲስ ወደ ተኛው ውሻ አየች። ሰውዬው እውነታቸውን ነው። ውሻዬ አላበደም ብትል በምን ታስረዳለች? የጣሊያን ኪኒን ነው ያንገዳገደው ብትል ኪኒኑን ከየት አመጣሽ ይመጣል፤ ከዚያም ለምን ይመጣል፤ ለምን የሚለው ጥያቄ ደግሞ መጨረሻው ወይራው ጥሻ ነው።

ቄስ አወቀ ጉሮሯቸውን አጠሩ። "ኖኅ ወደ መርከብ ሲገባ እንስሳቱን ትቷቸው አልገባም" አሉ። "እስቲ ሳንፈርድ እንየው፤ ታስሮ ይታይ። ያበደ ከሆነ ቀን አይሰጠንም።"

"ቀን ሳይሰጠን የነከሰ እንደሆነስ፣ አባቴ?"

በዚህ መካከል መከታ ከተኛበት ተነሳ። ሰዎቹን አየ፤ ጎረቤት ናቸው፣ አልጮኸም። እየተንገዳገደ ግቢውን አቋርጦ መጣ። አያ እንዳላማው ዱላቸውን አነሱ። ውሻው በአጠገባቸው አልፎ የበጎቹ ገንዳ ዘንድ ደረሰና አፉን ውኃው ውስጥ ነከረ። ጠጣ። ምላሱ ውኃውን ሲመታ ለቅ ለቅ ለቅ ሲል ብቻ ይሰማል። ጠጣ፣ ትንፋሹን ወሰደ፣ ደግሞ ጠጣ። ገንዳው እስኪጎድል ጠጣ።

አያ እንዳላማው ዱላቸው ቀስ እያለ ወረደ። ዓይናቸው ከገንዳው አልተነቀለም። ልጃቸው ከንፈሩን ሊያርስበት ያልቻለውን ውኃ ያስታወሱ ይመስላል።

"ውኃ አይፈራም" አሉ በመጨረሻ።

"አይፈራም" አሉ ቄሱ።

"ይታሰር እንግዲህ። ይታይ።" ዞረው ሄዱ። አይናዲስ ገንዳው አጠገብ ቁጭ አለችና እጇን ውኃው ውስጥ አድርጋ ቆየች።

መከታ ታስሮ ታየ። አላበደም፤ አልሞተም። መንገዳገዱም እያደር ተወው። ጾም ገባ፤ መከታ፣ ቀድሪያ በየገበያው ለአይናዲስ የምትሰጣትን ኪኒን በቅቤ ፈንታ በኑግ በራሰ ቂጣ እየዋጠ ቆየ። አንድም ቀን አልወደቀም። ከገመዱ ተፈትቶ በጎቹን ማሳለፍ ጀመረ።

አይናዲስ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ስትል ከልጅነቷ የምታውቀው ኮሶን ነው። ኮሶ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ አንጀት ያገላብጣል፤ ውስጥ ያለውን ጠራርጎ ያወጣል፤ ሲወጣ አለቀ። ኮሶ ጠጥቶ ተሽሎት በማግስቱ ደግሞ ኮሶ የሚጠጣ ሰው አይታ አታውቅም። በመጀመሪያው ሰሞን የመከታን ኩስ ሳይቀር በእንጨት እያገላበጠች፣ ያ የሚጥለው ነገር ወጥቶ እንደሆነ ስትፈልግ አማቷ ደርሰውባት፣ "ጣሊያኑ ወጣልሽ?" ብለው ስቀውባታል።

አሁን ውሻው ዳነ። ከዳነ ወዲያ የሚዋጠው ኪኒን የማን ነው? የአብዱረዛቅ ነው። ከታመመ ሰው ድርሻ ለዳነ ውሻ ማጉረስ ግፍ መሰላት። በሚቀጥለው ገበያ ልትመልስለት አስባ የቀረውን በቀንድ ውስጥ ከታ፣ አፉን በሰም ደፍና ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ጊዮርጊስን አመሰገነች። በንጹሕ ልብ ነው ያደረገችው።

የጊዮርጊስ ዋዜማ ደረሰ። ደምለው በዚያ ዕለት ከብት ሲገባ እንደሚመጣ በእረኛ መልእክት ልኳል። አይናዲስ ከጠዋት ጀምሮ ደስታዋን ስትሸሽግ ዋለች። በሶ አዘጋጀች፤ ሸሚዙን አጠበች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጆሮዎቿ ከጉረኖው ጀርባ ያን የሚያውቁትን ድምፅ ሰሙ፤ አፈር የሚቧጥጥ ጥፍር።

ሮጣ ስትደርስ መከታ ተገትሯል። ተወው ስትል ዓይኑን ሳይገልጥ ደግሞ ጀመረው። እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይከተላል። "ምን አደረግሁ፣ ምን አደረግሁ" አለች። እንዳታቋርጪ ያለችው የቀድሪያ ድምፅ ያን ጊዜ ጆሮዋ ላይ መጣ። ኪኒኑን ልታመጣ ስትነሳ ከአጥሩ በር የጫማ ድምፅ ተሰማ።

ሁለት ባንዳዎች ነበሩ፣ ከአምበር ምሽግ የመጡ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ፂማም። ቤት ገብተው ጠመንጃቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ከመደቡ ላይ ተዘረጉ።

"እንግዳ አይቀበልም እንዴ ይህ ቤት?" አለ ረጅሙ። "እንቁላል ካለ አምጪ። ዶሮም ካለ አንጠላም።"

"ጾም አይደለም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከጥጋቸው።

"ጣሊያን ፈትቶልናል፣ አሮጊት።" ሁለቱም ሳቁ። "ባልሽስ?" አለ ፂማሙ ወደ አይናዲስ ዞሮ።

"ለሥራ ወርዶ ቀረ።"

"ሁሉም ባል ለሥራ ወርዶ ነው የቀረው በዚህ አገር።"

አይናዲስ እንቁላሉን አቀረበች። ፀሐይዋ ከወይራው ጥሻ ጫፍ ደርሳለች። የመንደሩ ከብት እየገባ ነው። ከወንዙ ማዶ ደምለው ተቀምጦ ያዳምጣል፤ የሚሰማው ዝምታ ነው። መከታ ዝም ካለ ግባ ማለት ነው። አሁን ይነሳል፤ አሁን ወንዙን ይሻገራል። ልጩህ? ብትጮህ ሁለቱ ጠመንጃ ይዘው ይነሳሉ። ጥርሷን ነከሰች፤ አማቷን አየች፤ በዓይኗ ወደ ጉረኖው አመለከተች።

አሮጊቷ የውሻውን ድምፅ አለመስማታቸውን ያን ጊዜ አስተዋሉት። ምርኩዛቸውን ያዙ። ቀስ ብለው ተነሱ፤ ከግቢው መካከል ሄደው ቆሙ፤ ራሳቸውን ወደ ላይ አቀኑ፤ ጮኹ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ አጉረመረሙ።

ረጅሙ ባንዳ የያዘውን እንቁላል ጣለው። "ምን ሆነች?"

አሮጊቷ ደገሙት። ያረጀ ጉሮሯቸው ተሰነጠቀ፤ ድምፃቸው ግን ወንዙን ተሻገረ። ሦስት ጊዜ፤ ማጉረምረም፤ ሦስት ጊዜ። ከአፋቸው ምራቅ ይረጭ ነበር።

"ምን ሆነች ነው የምልሽ!"

ፂማሙ በበሩ ወጥቶ ዙሪያውን ሲያይ ከጉረኖው ጀርባ አረፋ ደፍቆ የሚንፈራገጠው ውሻ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ወደ አሮጊቷ ዞረ፤ ወደ ውሻው ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ነክሷታል! ያበደ ውሻ ነክሷታል! የተነከሰ ሰው እንደ ውሻ ይጮኻል!"

"እውነት ነው?" አለ ረጅሙ አይናዲስን።

የአያ እንዳላማው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። "ባለፈው ክረምት በመንደራችን አንድ ልጅ በዚህ ሞቷል" አለች። ያልሆነ ነገር አልተናገረችም።

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ጥለው በእጃቸው እየዳሁ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጠመንጃቸውን አንስተው በአጥሩ በር ለመውጣት ተጋፉ። ሲሮጡ በአያ እንዳላማው ደጅ በኩል አለፉ። አያ እንዳላማው ግን ጩኸቱን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው ደርሰው ነበር፤ ከግቢው መካከል ያገኙት አሮጊቷን ነው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሲስሉ።

"እንዳላማው፣" አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ "አንተም ልትገድለኝ ነው?"

አይናዲስ ቀንዱን ከምሰሶው አውርዳ ሰሙን በጥርሷ ነቀለችው። መከታ መዋጥ እስኪችል ድረስ ግን እጇን አፉ ውስጥ አልሰደደችም፤ ይህን ጊዜ ቀድሪያን ቃል በቃል ታዘዘች። ድንጋዮቹን ከራሱ አጠገብ አራቀች፤ በላዩ ላይ ተደፍታ "ማረን" አለች። ኪኒኑን ሲውጥ ከብቱ ሁሉ ገብቶ ነበር። መንፈራገጡ እየራቀ ሄደ። ከወንዙ ማዶ ማንም አልመጣም። ደምለው መስማቱን ወይም አለመስማቱን፣ መመለሱን ወይም ሌላ ቦታ መያዙን የሚነግራት ሰው አልነበረም።

አያ እንዳላማው አልሄዱም ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

"አያ እንዳላማው፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች። "የልጁን ስም ባልጠራም ሞቱን ለማስፈራሪያ አደረግሁት።"

ሽማግሌው ቀረብ አሉ። "ሰው ተርፎበታል?"

"አላውቅም። ተርፎበት ይሆናል።"

"ከተረፈበትማ ስሙም ይጠራ" አሉ። ዱላቸውን ከጉረኖው አስደግፈው ከውሻው አጠገብ ተቀመጡ። "ሂጂ አሮጊቷን ውኃ አጠጪ። ይህን እኔ አየዋለሁ።"

በሚቀጥለው ገበያ አይናዲስ ለቀድሪያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ኮሶውንም ሳትደብቅ። ቀድሪያ አልሳቀችም። "ይህ እንደ ኮሶ አይደለም እህቴ። ይህ እንደ እንጀራ ነው። ትናንት በልቻለሁ ብለሽ ዛሬ ትተዪዋለሽ?" አይናዲስ ለአብዱረዛቅ የሚለብሰው የበግ ጠጉር ባና ለመሥራት ቃል ገባች፤ ጀማለዲንም ገብስ ሲያስገባ መለመኑን አላቋረጠም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ፣ ልክ እንደ ጸሎት ሆነባት። ከጸሎቷም ጋር ታያይዘው ነበር፤ መጀመሪያ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዚያ የመከታ ቁራሽ። የደምለው ወሬ ግን የለም። በየቀኑ ከብት ሲገባ ወይራውን ታያለች፤ በየቀኑ ጥሻው ጥሻ ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ምሽት ቁራሹን እየቆረሰች ሳለ መከታ ራሱን ከእግሮቹ መካከል አነሳ። ጆሮው ቆመ። ወደ ወንዙ አየ። አልጮኸም። ጭራው ብቻ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ መሬቱን መታ።

አይናዲስ መንቀሳቀስ አቃታት። ውሻው ያስተዋለው ደህና ነገር ይሁን፣ ወይስ ሊወድቅ ነው? የመውደቁም መጀመሪያ እንዲህ ባዶ አየር ማየት ነበር።

"እኔ ልጩህ ወይስ ይግባ?" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከመደባቸው።

መከታ ተነስቶ ወደ አጥሩ በር ሄደ። እግሩ ጠንካራ ነበር። የገባው ሰው ፂሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ጠመንጃው ከትከሻው ወርዶ ነበር። ደምለው ነው። የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ ቀና ብሎም ሚስቱን ለረጅም ጊዜ አያት።

"ያን ዕለት የጮኸው ማን ነው?" አለ በመጨረሻ። "አንድ እግሬን ወንዙ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ነው የሰማሁት። መከታ አልነበረም። ጉንፋን የያዘው ውሻ ነው የመሰለኝ።"

"አንተን ጉንፋን ይያዝህ!" አሉ እናቱ። "ጉሮሮዬ እስካሁን አልዳነም።"

አይናዲስ ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። መከታ ግን ሰው ደስ አለው ብሎ የሚረሳው ነገር የለውም፤ ከፊቷ ተቀምጦ የያዘችውን ቁራሽ ትክ ብሎ ያይ ነበር። ኪኒኑን ከመሀሉ ከታ፣ "ተመስገን" ብላ አጎረሰችው፤ ከዚያ በኋላ ነው ባሏን የሳመችው።